እውነት እያደር ይጠራልን?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። በንጋቱ እስማማለሁ፤ በእውነቱ ግን እጠራጠራለሁ።

ተማሪ ሳለሁ ፔንዱለም እያወዛወዝን የመሬትን ስበት እንድንለካ ታዘዝን። መጽሐፉ 9.8 ይላል፤ የእኔ ልኬት 9.3 ሆነ። የመዘገብኳቸውን ሴኮንዶች ጥቂት ፍቄ 9.8 አደረግሁትና ሙሉ ማርክ አገኘሁ።

ይህን የቆየ ገመናዬን የሚቀሰቅስብኝ የያን ሄንድሪክ ሾን ታሪክ ነው። ሾን አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪስ ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ የፊዚክስ ተመራማሪ ነው። በየሬዲዮናችንና በየኮምፒዩተራችን ሆድ ያለው ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 የተወለደው በዚያው ተቋም ነበር። ሾን ደግሞ አንድ ረድፍ ሞለኪውል ብቻ ተደርድሮ ትራንዚስተር ሆነልኝ አለ። ሳይንሱ ዓለም ሲጠብቀው የኖረው ይህንኑ ነበርና አጨበጨበለት። እ.ኤ.አ. በ2001 በአማካይ በየ8 ቀኑ አንድ ጥናት በስሙ ይወጣ ነበር። ሙከራውን ለመድገም የደከሙ ሌሎች ግን አልሆነላቸውም።

በሚለካ ነገር ሁሉ መስመሩን የሚያንቀጠቅጥ ጥቂት ረብሻ አለ፤ እሱም ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች የሾንን ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲያዩ የተለያዩ ሙከራዎች መንቀጥቀጣቸው ሳይቀር አንድ ሆኖ አገኙት። አጣሪ ኮሚቴው ከመረመራቸው 24 ክሶች በ16ቱ ጥፋተኛ አለው። የመጀመሪያዎቹ መረጃዎች የት አሉ ቢባል፣ ኮምፒዩተሩ ቦታ ስላጠረው እንደደመሰሳቸው ተናገረ።

እኔና እሱ በምን እንለያያለን? «የእኔ 9.8 እኮ ትክክል ነበር» ብዬ ልከራከር እችላለሁ። ሾንም ስህተት መሥራቱን አምኖ፣ ግኝቶቹ ግን እውነተኛ ናቸው ብሎ እንደሚያምን ገልጿል። እንግዲህ አንባቢ ይፍረደን፤ ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ትራንዚስተር ሠርቶ ቢያሳይ ሾን ነጻ ይወጣልን?

በእኔ እምነት አይወጣም። 9.8ን ያወቀው የመጽሐፉ ደራሲ እንጂ እኔ አይደለሁም። የእኔ እውቀት ያቺ የፋቅኋት 9.3 ብቻ ነበረች። ምናልባት የክሩን ርዝመት አሳስቼ ለክቼ ይሆናል፤ ባልፍቃት ኖሮ ስህተቴን ታሳየኝ ነበር። ትክክለኛውን መልስ ጽፌ ሳለ ዋሽቻለሁ።

የሾን ነገር የጠራውም ቀን ስላለፈበት ሳይሆን፣ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ስለተገኘ ነው። የእኔን ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ማንም አላየውም።