አመድ ለሌሊት ነው

ደብረ ብርሃን ዳር፣ ነፋስ ከጠዋት እስከ ማታ በማያርፍበት ሰፈር፣ ምድጃቸው ጠፍቶ የማያውቅ አንዲት እናት ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ትንሹም ትልቁም «እማማ» ይላቸዋል። እሳቱን የተረከቡት ከእናታቸው ነው፤ እናታቸውም ከእናታቸው። ጎጆ በወጡ ዕለት ከእናታቸው ምድጃ የተጫረ ፍም በገል ይዘው እንደ መጡ ይነገራል።

አገሩ ደጋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ሣሩን ነጭ ያለብሰዋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስሟን ያወጡላት፣ ከሰማይ ታየ በተባለ ብርሃን ምክንያት ነው። እማማ ግን «ብርሃን ከሰማይ ቢመጣም የሚያኖረው ምድጃ ነው» ይሉ ነበር።

ክብሪት እንዲህ ሳይበዛ፣ የአንዱ ቤት እሳት ሲጠፋ ጎረቤት ሄዶ መጫር የአገር ደንብ ነበር። «እሳት ልጭር መጣሁ» ያለች ሴት ከደጅ አትመለስም። ገሏን ትዘረጋለች፣ ሁለት ሦስት ፍም ትቀበላለች፣ በእጇ ከነፋስ እየከለለች ወደ ቤቷ ትሮጣለች። እሳት ሲሰጡት አይጎድልምና ማንም ሰጠሁ ብሎ አይቆጥርም፤ መከልከል ግን ነውር ነበር። በኋላ ክብሪቱም መብራቱም መጣ፤ ደንቡም እየተረሳ ሄደ። እማማ ብቻ ማታ ማታ ፍማቸውን በአመድ እየዳፈኑ፣ ጠዋት ጠዋት እየጫሩ ኖሩ።

ከዚያ የኑሮው ክረምት መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ላሜራ ተወደደ፣ ኤሌክትሮድ ተወደደ፣ በርና መስኮት የሚያሠራ ሰው ጠፋ። የሰፈሩ ባለ ብየዳ ቤትም ሁለት ሠራተኞቹን አሰናበተ። አንደኛዋ ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሁለተኛው እኩያዋ፣ ዝምተኛ ልጅ።

ልጅቷ ቤት ዋለች። ስትውል ደግሞ ቀድሞ ያላየችውን አየች። እናቷ አንድ ማዳበሪያ ከሰል የሚያልቅበትን ቀን በጣቷ ትቆጥራለች፤ አሮጌው የቆርቆሮ ምድጃ ግን ድስቱን ትቶ የቤቱን ሰው እግር ያሞቃል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች «ላቀች» የሚባለው ምድጃ ከኬንያው «ጂኮ» ምድጃ ተነሥቶ እንደ ተሠራ፣ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ ሆኖ ከሰል እንደሚቆጥብ ተምራለች። ቤተልሔም ጥላሁን የምትባል ሴት በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ከአሮጌ ጎማ ጫማ ሠርታ ባሕር ማዶ እንደ ሸጠችም ሰምታለች። «እሷ ከጎማ ከሠራች፣ እኔ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ብሠራስ?» አለች። የበርሜል ቆርቆሮ ወፍራም ነው፤ ከአዲስ ላሜራም ይረክሳል።

ሐሳቧን ይዛ ብድር ጠየቀች። ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና እንዲያዝ የሚፈቅድ አዋጅ ከወጣበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ እሷ የተጠየቀችው የቤት ካርታ ነበር። ነጋዴ አጎቷን ጠየቀች። «ልጄ፣ ዘንድሮ ያለውን ይዞ መቀመጥ ነው» አላት። አባቷም «ጊዜው ይለፍ» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ሁሉም እንዳይጠፋበት የሚሳሳለት ነገር ነበረው።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤ የቤቱ ክብሪትም በእርጥበት እምቢ አለ። እናቷ ገል ሰጥታ ወደ እማማ ሰደደቻት። ልጅቷ ገብታ ምድጃውን ብታይ ግራጫ አመድ ብቻ ነው።

«እማማ፣ የእርስዎም ጠፍቷል» አለች።

እማማ አልመለሱላትም። በጭራሮ ጫፍ አመዱን ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ፍሙ እንደ በሰለ በርበሬ ቀልቶ ታየ።

«ጠፋ ያልሽው ተዳፍኖ ነው» አሏት። «አመድ ባይኖር ሌሊቱን አያድርም ነበር። ግን አመድ ለሌሊት ነው፣ ልጄ። ጠዋት የሚጭረው ካጣ፣ ያዳነው አመድ ራሱ ይገድለዋል።»

ልጅቷ እዚያው ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የካርታውን፣ የአጎቷን፣ የአባቷን። እማማ ሲሰሙ ቆዩና ፍሙ ላይ ሦስት ጭራሮ አኖሩበት። ከጎናቸው ትልቅ ግንድ ነበር፤ አልነኩትም።

«ለምን ግንዱን አይጨምሩበትም?»

«ፍም ላይ ግንድ አይጫንም፤ ያፍነዋል። መጀመሪያ ጭራሮ፣ ከዚያ ፍልጥ፣ ግንዱ መጨረሻ ነው።» ጎንበስ ብለው በቀስታ እፍ አሉበት፤ ነበልባሉ ተነሣ። «እፍታውም ልክ አለው። ኩራዝ የሚያጠፋው ትንፋሽ ነው፤ ፍም የሚያቀጣጥለውም እሱው ትንፋሽ ነው። እስቲ አንድ ምድጃ ሥሪ። መቶ አትበይ፤ አንድ።»

ልጅቷ በማግሥቱ ተነሣች። ቀድሞ ካጠራቀመችው ላይ የመሳፈሪያ ያህል ያዘችና መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረደች። በዚያ መዶሻ ከንጋት እስከ ምሽት ይጮኻል፤ ሌላው የጣለው በርሜልና ቆርቆሮ መጥበሻ፣ ባልዲ፣ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ቆማ እጃቸውን አየች። የምትጠይቀውን ጠየቀች፣ ያልተመለሰላትን በዓይኗ ወሰደች። ሁለት አሮጌ በርሜል ይዛ ተመለሰች።

ቆርቆሮው እጇ ላይ አልከበደም፤ ሸክላው ግን አስለቀሳት። የመጀመሪያው እሳት ሲነካው ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ስብርባሪውን ልትጥል ስትወጣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት አገኘቻት።

«ምነው፣ ገሉን የት ልትወስጂው ነው?»

«ልጥለው ነው፤ ምን ያደርግልኛል?»

«ገል ይጣላል እንዴ! ፍጪውና ከአዲሱ ጭቃ ጋር ለውሺው። ጭቃ ብቻውን እሳት አይችልም፤ አንድ ጊዜ እሳት ያየ ገል ሲገባበት ነው የሚችለው። ደግሞ ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ።»

ልጅቷ የሰበረችውን ሁሉ ፈጭታ አራተኛውን አበጀች። አራተኛው እሳቱን ቻለ።

ምድጃውን ይዛ እማማ ዘንድ ሄደች፤ በስጦታ ልትሰጣቸው ነበር። እማማ ተቆጡ። «እኔ ልመርቅሽ እንጂ ላከስርሽ ነው? ዋጋውን ጥሪ!» የጠራችውን አንድ ብር ሳይከራከሩ ከፈሉ። «መክፈቻሽ ነኝ፤ በመክፈቻ አይከራከሩም።» ከምድጃቸው ሁለት ፍም አንሥተው በአዲሱ ምድጃ አኖሩ፤ እሳቱ ያዘ። ዙሪያውን ሲያዩት ቆዩና «የአየር ማስገቢያው በር ላላ ይላል፤ ነፋሱ ከሰሉን ይበላብኛል። እሱን አስቢበት» አሏት። ልጅቷ ከምስጋናቸው ይልቅ ይህን ነቀፌታ ይዛ ስትሄድ ደስ አላት፤ ሥራዋን እንደ ሥራ አይተውላታልና።

መስከረም ሲጠባ የሰፈሩ ሴቶች እቁብ አዲስ ዙር ጀመረ፤ ሃያ ሰው፣ በወር አምስት መቶ ብር። እማማ «ልጅቷም ትግባ፤ ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ። የመጀመሪያው ዕጣ ለእማማ ወጣ። አሥሩን ሺህ ብር ሳይነኩት «ተራችንን ተለዋወጥን፤ ይህን ለእሷ ስጡ፣ የእሷ ሲወጣ እኔ እወስዳለሁ» አሉ። ምጽዋት አልነበረም። ልጅቷ በየወሩ አምስት መቶዋን ጣለች፤ በዘጠነኛው ወር ዕጣዋ ወጥቶ እማማ አሥር ሺሃቸውን ተቀበሉ። የጎደለባቸው ነገር የለም፤ ስምንት ወር መታገሥ ብቻ ነው።

ልጅቷ በዚያ ብር በርሜል ገዛች፣ የአጥር ጥግ ተከራየች፣ ከእሷ ጋር የተሰናበተውን ዝምተኛ ልጅ ጠርታ አብራው ሠራች። አሥረኛው ምድጃ የተሸጠ ዕለት እማማ ቡና አፈሉ። አቦሉ በአዲሱ ምድጃ ፈላ፣ ቶናውም ቀረበ፤ በረካው ላይ ልጅቷን አስነሥተው በጎረቤት ሁሉ ፊት መረቋት። በሩ ላይ ቆሞ ይህን ያየው ነጋዴ አጎቷ በማግሥቱ ለሱቁ ስድስት ምድጃ አዘዘ። ቡና ያስከተለውን ነገር ልመና አላስከተለውም ነበር።

ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት ዝምተኛው ልጅ ገል ይዞ ከፊቷ ቆመ።

«ከበሬሳ ወንዝ ማዶ የራሴን ልጀምር ነው። እሳት ልጭር መጣሁ።»

ልጅቷ ደነገጠች። ገበያው ለሁለት የሚበቃ አልመሰላትም። ያስተማረችውን እጅ፣ የነገረችውን የገል ምሥጢር፣ ያዋወቀችውን ደንበኛ አሰበች። እሳት መከልከል ነውር ነውና ፍሙን ሰጠችው፤ ምርቃት ግን አልጨመረችበትም። እሱ ከሄደ በኋላ አኮረፈች፤ ሁለት ቀን ሱቋን አልከፈተችም፣ ምድጃዋንም አልጫረችም። በሦስተኛው ቀን አቤቱታዋን ይዛ ወደ እማማ ሄደች።

እማማ ታመው ተኝተዋል። አራት ቀን ማንም ምድጃውን አልነካውም። ልጅቷ ጭራሮ አንሥታ አመዱን ገለጠች፤ ሥሩም አመድ ነበር። የእናት የእናታቸው እሳት ጠፋ።

ክብሪት በእጇ ነበር። ክብሪት እሳት ይሰጣል፤ ያንን እሳት ግን አይሰጥም። ወደ ሱቋ ሮጠች፤ የእሷም ምድጃ በኩርፊያዋ ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ አንድ ቤት ብቻ ታሰባት። ገሏን ይዛ በምሽቱ ነፋስ በሬሳን ተሻገረች።

ልጁ በር ላይ መዶሻውን እንደ ያዘ ቆሞ አያት።

«እሳት ልጭር መጣሁ» አለች።

ምንም አልጠየቃትም። ገሏን ሞላላት። ጎንበስ ብላ ስትቀበል የምድጃውን በር አየች፤ ልጁ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ስቦ ግጥም የሚል አድርጎት ነበር። እማማ በመጀመሪያው ቀን የነቀፉት፣ እሷ ዓመት ሙሉ ያልፈታችው ነገር!

«እንዴት አደረግኸው?»

«ነይ ላሳይሽ» አለና ከፍሙ ጋር ሽቦውንም ጨመረላት።

በዚያ ሌሊት እማማ ዓይናቸውን ሲገልጡ ምድጃው ቀልቷል። ልጅቷ የሆነውን አንድ ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ኩርፊያዋንም ጭምር። እማማ እሳቱን እያዩ ቆዩ።

«ሰባ ዓመት ሰጠሁ ስል ኖርኩ» አሉ። «ለካ ሳስቀምጥ ነበር።»

ምሳሌው እስከዚህ ነው።

ዘመኑ ከብዷል፤ አመዳችንን ያለ ምክንያት አልለበስንም። ቁጠባውም፣ ጥንቃቄውም፣ «ጊዜው ይለፍ» ማለቱም የሌሊት ጥበብ ነው። ነገር ግን በየሰፈሩ ገሉን ይዞ ደጅ የቆመ ወጣት አለ፤ ሳሙና የምታመርት፣ ስልክ የሚጠግን፣ ዶሮ የምታረባ፣ እንጀራ ለሆቴል የምታቀርብ። ሁሉም ግንድ አልጠየቀንም። አንዱ የሚፈልገው በመክፈቻው የማይከራከር ደንበኛ ነው፤ ሌላዋ ጉድለቷን በፍቅር የሚነግራት ዓይን፤ ሌላው በእቁብ የሚቆምለት ዋስ፤ ሁሉም ደግሞ በአሥረኛው ሽያጭ ቀን በጎረቤት ፊት የሚፈላ አንድ ጀበና ቡና። የጀመረ ሁሉ አይዘልቅም፤ የሚሰነጠቅ ይኖራል። የተሰነጠቀውን ያልጣለ ሰፈር ግን ለቀጣዩ ሸክላ ገል አያጣም።

ደብረ ብርሃን ላይ ልጅቷ ዛሬ ምድጃ ስትሸጥ ሁለት ነገር ትጨምራለች፤ ከምድጃዋ ሁለት ፍም፣ በሩ ላይ ደግሞ ያችን ቀጭን ሽቦ። ሽቦዋን ማን እንደ ሠራት ለጠየቃት ሁሉ፣ በእጇ የወንዙን ማዶ ታሳያለች።