በመቃብር ደጅ ያደርን እንግዶች

ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ ያገኘነው ሳይሆን በአንድ ሌሊት ክርክር የተወለደ ነው። ክርክሩንም ያስነሣችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የሸክላ ስባሪ ነበረች።

እኛ አራት ተማሪዎች በላይኛው ግብፅ፣ ከሉክሶር ከተማ ማዶ፣ ከዓባይ በስተምዕራብ በሚገኝ ማርሰም በተባለ አሮጌ ሆቴል ሦስት ሌሊት አድረን ነበር። (ያው የእኛው ዓባይ ነው፤ ግን የአስዋን ግድብ ደለሉን ስለሚያስቀርበት እዚያ ጠርቶ ነው የሚፈሰው።) ሆቴል ይባል እንጂ የባላገር ግቢ ይመስላል። ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ አልጋው ከዘንባባ ዘንግ የተሠራ፣ ከፊቱ ለምለም እርሻ፣ ከበስተኋላው ደግሞ ሣር የማያበቅል ገደል ነው። ከቤቶቹ ከፊሉ በ1920ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) ለአሜሪካውያን የቅርስ አጥኚዎች የተሠራ ነው። በአጠገቡ የፈርዖን መርነፕታሕ ቤተ መቅደስ ፍራሽ አለ፤ እንግሊዛዊው ፔትሪ በ1896 እስራኤል የሚለው ስም የተቀረጸበትን ዝነኛ ድንጋይ ያገኘው እዚያ ነው። ለሰንበት ተማሪ በእንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጦ ቁርሱን መብላት እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

የሆቴሉ ባለቤት የነበሩት ሼክ ዓሊ ግን ከአንድ ስመ ጥር፣ አንዳንዱም እንደሚለው ስመ ክፉ ከሆነ ቤተሰብ የተወለዱ ነበሩ፤ የአብድ ኤል ረሱል ቤተሰብ ይባላል። በ1871 ገደማ ከዚህ ቤተሰብ አሕመድ የተባለው ሰው በዴር ኤል ባሕሪ ገደል የተሰወረ ጉድጓድ አገኘ። ታላቁ ራምሴስ፣ አባቱ ሴቲ፣ ሦስተኛው ቱትሞስ፣ በጠቅላላው ሃምሳ ያህል ሙታን በአንድ ዋሻ ታጉረው ተኝተው ነበር፤ በጥንት ዘመን ካህናት ከሌባ ለማዳን ሰብስበው የደበቋቸው ናቸው። ወንድማማቾቹ ዐሥር ዓመት ምስጢሩን ጠብቀው፣ ትናንሹን ዕቃ በጥቂት በጥቂቱ እያወጡ ሸጡ። ዕቃው በገበያ ላይ ሲበዛ መንግሥት ነቃ። በ1881 ተይዘው ተገረፉ። አሕመድ ውስጥ እግሩን ተደብድቦ አልተናገረም፤ በመጨረሻ ወንድሙ መሐመድ ምስጢሩን አወጣ። ለዚህም አምስት መቶ ፓውንድ ተሸለመና በዚያው በመቃብሮቹ ላይ የዘበኞች አለቃ ሆኖ ተሾመ። ነገሥታቱ በመርከብ ወደ ካይሮ ሲወርዱ በዓባይ ዳር የነበሩ ሴቶች እንደ ለቅሶ ቤት ዋይታ አሰሙ፤ ካይሮ ሲደርሱ ደግሞ የቀረጥ ሹሙ ለሙት ንጉሥ የሚሆን ስም በመዝገቡ ስላጣ እንደ ደረቅ ዓሣ አስቀረጣቸው ይባላል።

በመጀመሪያው ሌሊት ይህን ታሪክ እየተጫወትን በነዚያ ወንድማማቾች ላይ ፈረድን። የሙት ከፈን ገፎ መብላት! በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ያጋዘውን ታቦትና ብራና አነሣን፤ በ1937 ኢጣልያ ከአክሱም የወሰደችውንና በ2005 የመለሰችውን ሐውልት አነሣን። የተዘረፈ ሕዝብ ልጆች ስለሆንን የመፍረድ ሥልጣን ያለን መሰለን።

በማግሥቱ ፍርዳችን መላላት ጀመረ። መርነፕታሕ ያንን ቤተ መቅደስ የሠራው የሦስተኛው አሜንሆቴፕን ቤተ መቅደስ ድንጋይ እያፈረሰ ኖሯል። የእስራኤል ስም ያለበት ድንጋይ እንኳ መጀመሪያ የአሜንሆቴፕ ነበር፤ መርነፕታሕ በጀርባው አስቀረጸበት። ድሀ ሲወስድ ስርቆት፣ ንጉሥ ሲወስድ ግን ግንባታ ይባላል። ነገሥታቱን የደበቁት ካህናትም ቢሆኑ ወርቁን ገፈው ነው የደበቋቸው። የእምነታችን ሰዎችስ? ዴር ኤል ባሕሪ ማለት የሰሜን ገዳም ማለት ነው፤ የግብፅ መነኮሳት በነዚያ ፍራሾችና መቃብሮች ውስጥ በዓት አበጅተው ኖረዋል። ለመሆኑ በዚያ አገር ሙታንን ሳይነካ የኖረ ማን ነው?

በዚያው ቀን ማታ ከመካከላችን አንዱ (ማን እንደሆነ አንናገርም) ከኪሱ ያችን የሸክላ ስባሪ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ጠርዟ ላይ የደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም ነበረባት። ከመንገድ ዳር አነሣኋት አለ። ሁላችንም ዝም አልን፤ ከዚያ በኋላ እኩለ ሌሊት እስኪሆን ተጯጯህን።

ያነሣት ወንድማችን እንዲህ ሲል ተከራከረ፤ «እንዲህ ያለ ስባሪ መሬቱን ሞልቶታል፤ የቱሪስት ጫማ ይፈጨዋል። እኔ ልሸጣት አይደለም፤ ስለወደድኳት ነው።» ሌላው የ1983ቱን የግብፅ ሕግ ቁጥር 117 ጠቀሰ። ሦስተኛው ግን «የመቅደላም ወታደር ወድጄ ነው ያለው» አለና ነገሩን አከረረው። በእውነትም ያ ቃል ሁላችንንም ወጋን። ወንድማማቾቹ ቢያንስ የሚያበሉት ቤተሰብ ነበራቸው፤ እኛ የመመለሻ ቲኬት በኪሳችን ነበር። ከእነርሱና ከእኛ ማን ይከብዳል?

ታዲያ ረኀብ ስርቆትን ያነጻል ወይ? በዚህ አልተስማማንም። ሙታንም ፈቃድ አላቸው የሚል ነበር፤ ዮሴፍ አጥንቱን ከግብፅ እንዲያወጡለት አስምሏል፣ ሙሴም መሐላውን ፈጽሟል። የራምሴስ ፈቃድ ደግሞ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ማረፍ ነበር። እንዲህ ከሆነ በሚያዝያ 2021 ከሌሎች ነገሥታት ጋር መድፍ እየተተኮሰላቸው በሰልፍ ወደ አዲሱ ሙዚየም መሄዱ ክብር ነው ወይስ ሌላ? ከአሕመድ ጉድጓድ ይልቅ መስታወቱ ይጠብቀዋል፤ ይህን እናምናለን። ግን ማንም አልጠየቀውም።

የሆቴሉ ጸጥታም ራሱ ዋጋ እንደተከፈለበት የገባን በዚያ ክርክር ላይ ነው። ጠዋት ሻይ እየጠጣን ያደነቅነው ባዶ ኮረብታ ባዶ አልነበረም፤ በመቃብሮቹ ላይ የቁርና መንደር ነበረ። በ1940ዎቹ አርክቴክቱ ሐሰን ፋትሒ ቆላው ላይ ውብ መንደር ቢሠራላቸው አብዛኞቹ አንሄድም አሉ። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ግን ቤቶቹ እየፈረሱ ሰዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ባለሥልጣኖቹ የቤቶቹ ፍሳሽ የመቃብሩን ሥዕል ያበላሻል ብለዋል፤ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ቤቱ የፈረሰበት ሰው ተነሥቶ እኛ ለማየት መጥተናል፤ ለአልጋችንም ከፍለን ደረሰኝ ተቀብለናል። ደረሰኝ ያለው ሰው ራሱን እንደ ሌባ አይቆጥርም፤ ስባሪዋ ኪስ ውስጥ እንድትገባ ያደረገውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስባሪዋን ልንመልስ ሄድን። ያነሣት ወንድማችን ግን ቦታውን ማግኘት አልቻለም። መንገዱ ዳር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሸክላ ከወደቀበት አፈር ከተለየ ለአጥኚው የሚናገረው ነገር ይቀንሳል፤ የት ነበረች ቢባል መልስ የለንም። ብዙ ከተንከራተትን በኋላ በአንድ የፈረሰ ግድግዳ ሥር አጎንብሰን አኖርናት።

ስናጎነብስ ያየን ዘበኛ ከሩቅ እየጮኸ መጣ። ዕድሜው ከአባቶቻችን የሚበልጥ ሽማግሌ ነው። ኪሳችንንም ቦርሳችንንም አስፈትቶ ፈተሸ፤ ምንም አላገኘብንም። በጣም አፈረ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀን፤ ከዚያም ወደ ጎጆው ወስዶ ጥቁር ሻይ ቀዳልን። ሻዩን ጠጣን። እውነቱን ግን አልነገርነውም።