ከሁለቱ ውጭ ለሆነው ድምፅ ስለ መስጠት



በኩሌ የስደተኞች መጠለያ የነዋሪዎች ተወካዮች ሲመረጡም ሆነ በጋምቤላ ከተማ የምርጫ ሣጥን ሲቀርብ፣ የምእመኑን ኅሊና የሚያስጨንቀው ጥያቄ ያው ነው። ብርቱዎቹ ሁለት ተወዳዳሪዎች ልባችንን ባያሳርፉት፣ የማሸነፍ ተስፋው አነስተኛ ለሆነው ለሦስተኛው ድምፅ መስጠት ይገባልን? ወይስ ድምፅን በከንቱ መጣል ነው?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1958 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም ባወጣው ሰነድ፣ በአንቀጽ 75፣ ዜጎች በነጻ የመምረጥ መብታቸውንና ግዴታቸውን ለጋራ ጥቅም እንዲያውሉት ያሳስባል። መለኪያው የጋራ ጥቅም ነው እንጂ ከአሸናፊው ጋር መቆጠር አይደለም። ነቢዩ ሳሙኤልም በእሴይ ቤት ሰባቱ ልጆች በፊቱ ካለፉ በኋላ፣ ማንም ያላሰበውን በግ ጠባቂውን ስምንተኛውን አስጠራ። እርግጥ ነው፣ ለሳሙኤል የተናገረው እግዚአብሔር ነው፤ እኛ ግን መርምረን መምረጥ አለብን።

ምርመራው ከራሳችን ይጀምራል። ሦስተኛውን የምንመርጠው በእውነት ስለሚሻል ነውን? ወይስ የጎሣችን ልጅ ስለሆነ፣ አለዚያም በሁለቱ ላይ ቂም ስለያዝን? በአገራችን የምርጫ ሕግ ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ የበለጠው ያሸንፋል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ከባድ ጥፋት የሚያመጣ ከሆነ፣ እርሱን ለማገድ ብሎ ለሌላኛው ድምፅ መስጠት ኅሊናን መሸጥ አይደለም። ይህን ስሌት ካህን በምእመኑ ፈንታ ሊሠራለት አይችልም፤ መሥራትም የለበትም።

ከኩሌ ነዋሪዎች የትውልድ አገር ከደቡብ ሱዳን ግን አንድ ትምህርት እናገኛለን። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ገዥው ንቅናቄ በዕጩነት ያላቀረባቸው ብዙዎች በግል ተወዳደሩ። በምዕራብ ኢኳቶሪያ ጆሴፍ ባንጋሲ ባኮሶሮ የንቅናቄውን ዕጩ አሸንፈው አስተዳዳሪ ሆኑ፤ ለእርሳቸው የተሰጠው ድምፅ ባክኗል የሚል ማንም የለም። በጆንግሌይ ደግሞ ጄኔራል ጆርጅ አቶር በግል ተወዳድረው ተሸነፉ። ምርጫው ተጭበርብሯል ብለው ጦር አነሡ። በየካቲት 2003 ዓ.ም. በፋንጋክ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ፤ እርሳቸውም በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ተገደሉ። ቅሬታቸው እውነት ይሁን አይሁን እዚህ አንፈርድም። በፋንጋክ የሞቱት ግን የምርጫ ወረቀት የቆጠሩ ሰዎች አልነበሩም።

እንግዲህ ስለ ሦስተኛው ዕጩ «ያሸንፋልን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ቢሸነፍስ ምን ያደርጋል?» ማለትም ያስፈልጋል። ኩሌ ራሱ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በአንድ ንቅናቄ ውስጥ የነበሩ የሁለት መሪዎች ሽኩቻ ወደ ጦርነት ተለውጦ ሕዝብ ድንበር ስለ ተሻገረ ነው።

ሦስቱንም ጠልቶ ከቤት የሚቀር ምእመን ደግሞ በመጽሐፈ መሳፍንት ኢዮአታም የነገረንን ያስብ፤ ወይራው፣ በለሱና ወይኑ አንነግሥም ባሉ ጊዜ የዛፎች ንጉሥ የሆነው እሾህ ነው።

ዕጩዎች ወደ እናንተ መጥተው በሽማግሌዎች ፊት ሲናገሩ፣ ቢሸነፉ ምን እንደሚያደርጉ በዚያው ጉባኤ ጠይቋቸው፤ ሦስተኛውን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ጭምር። መልሳቸውንም ያልመጡት ጎረቤቶቻችሁ እንዲሰሙት አድርጉ።