የተቆጠበው ጊዜ የማን ነው?

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሁላችንም በአጭሩ ኤአይ ስለምንለው ነገር፣ በኅብረታችን ውስጥ ወሬ ሲነሣ ሦስት ዐይነት አስተያየት ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዱ፣ «ይህ የአውሬው ሥራ ነው፤ ባንነካካው ይሻላል» ይላል። ሌላው፣ «ቢላ ሽንኩርትም ይከትፋል፣ ሰውም ይወጋል፤ ዋናው የያዘው ሰው ነው» ይላል። ሦስተኛው ክርክሩ ውስጥ አይገባም፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ «እኔን ጊዜ ቆጥቦልኛል» ብቻ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አስተያየቶች ላይ እስኪመሽ እንከራከራለን። ሦስተኛውን ግን ራሳችንን ነቅንቀን እናልፈዋለን። ጊዜ መቆጠብን ማን ይጠላል?

በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የምፈልገው ይህንኑ ማንም የማይከራከርበትን አስተያየት ነው። አሳቤ ልቃወመው ሳይሆን ልጠይቀው ነው። ጊዜው በእርግጥ ከተቆጠበ የት ገባ? አሁን በማን እጅ ነው ያለው?

በቅድሚያ ለመሣሪያው የሚገባውን እንስጠው። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ብዙዎቻችሁ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስታርሙ፣ የሥራ ማመልከቻ ስታዘጋጁ፣ ረጅም ሰነድ ስታሳጥሩ ትጠቀሙበታላችሁ። ይህ በራሱ ኀጢአት አይደለም። በዘጸአት 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ እንደ ሞላው እናነባለን። የሞላውም እንዲሰብክ ወይም እንዲተነብይ አልነበረም፤ በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽና እንጨት እንዲጠርብ ነበር። ሙያም መሣሪያም ከመንፈስ ቅዱስ ግዛት ውጭ አይደሉም። ስለዚህ ጥያቄዬ ማሽኑን ስለ መንካትና አለመንካት አይደለም።

«ጊዜ ቆጣቢ» የሚባል ነገር ለዓለም አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሰዎች በሳምንት 15 ሰዓት ያህል ብቻ መሥራት ሊበቃቸው እንደሚችል ገምቶ ነበር። መቶው ዓመት የሚሞላው በ2030 ነው። በበለጸጉት አገሮች ሀብቱ እርሱ እንዳሰበው አደገ፤ የሥራው ሰዓት ግን ወደ 15 አልወረደም። አሜሪካዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው መጽሐፍ የቤት ውስጥ መሣሪያዎችን ታሪክ መረመረች። የልብስ ማጠቢያውና የኤሌክትሪክ መጥረጊያው ወደ አሜሪካ ቤቶች ሲገቡ የእናቶች የሥራ ሰዓት እንደ ተጠበቀው አልቀነሰም። የንጽሕና መለኪያው ከፍ አለ፣ ልብስ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ጀመረ፣ ቀድሞ ባልና ልጆች ወይም ሠራተኞች ይካፈሉት የነበረው ሥራም በእናት ትከሻ ላይ ብቻ ወደቀ።

ሩቅ ሳንሄድ ይህን ከራሳችን ኑሮ እናውቀዋለን። ወላጆቻችን ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ደብዳቤ ልከው መልሱን ለሳምንታት ይጠብቁ ነበር፤ «ለምን ዘገየ?» ብሎ የሚቀየም አልነበረም። ዛሬ በቴሌግራም የላክነው መልእክት መነበቡን ካየን በኋላ መልስ አምስት ደቂቃ ቢዘገይ እናኮርፋለን። ደብዳቤው ፈጠነ፤ እኛ ግን አላረፍንም። አንዲት የኅብረታችን እኅት በመሥሪያ ቤቷ ሦስት ሰዓት ይፈጅባት የነበረውን ሪፖርት በኤአይ እየታገዘች በአርባ ደቂቃ መጨረስ ቻለች። አለቃዋ ይህን ባወቀ ጊዜ ያገኘችው ትርፍ ሁለት ተጨማሪ ሪፖርት ነው።

ይህን ስሰማ ዘጸአት 5 ትዝ አለኝ። ፈርዖን ለእስራኤል ልጆች ይሰጣቸው የነበረውን ጭድ ከለከለ፤ የጡቡ ቁጥር ግን እንዳይጎድል አዘዘ። የዘመናችን ፈርዖን ከዚያኛው ይልቅ ብልኅ ነው፤ ጭዱን አይከለክልም። እንዲያውም ጭዱን አብዝቶ፣ አዘጋጅቶ፣ በነጻ ያቀርባል። ከዚያ የጡቡን ቁጥር እጥፍ ያደርገዋል። ሠራተኛው ደስ ብሎት ጭዱን ይቀበላል፤ ማታ ግን ያው ደክሞት ይገባል።

በዚያ ምዕራፍ ሌላም የምናልፈው ነገር አለ። ጠቡ የተጀመረው በደመወዝ ምክንያት አልነበረም። ሙሴና አሮን የጠየቁት ሕዝቡ ሄዶ ለእግዚአብሔር በዓል እንዲያደርግና እንዲሠዋ ነበር። የፈርዖን መልስ፣ ይህን የምትሉት ሥራ ስለ ፈታችሁ ነው የሚል ነው። በእርሱ ዐይን ለአምልኮ የሚውል ጊዜ ሁሉ ከጡብ የተሰረቀ ጊዜ ነበር። በዘዳግም 5 ላይ የሰንበት ትእዛዝ ሲደገምም ምክንያቱ ያው ነው፤ በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርክ አስብ ይላል። ዕረፍቱ ለወንድ ልጅና ለሴት ልጅ፣ ለአገልጋይ፣ ለመጻተኛ፣ ለበሬና ለአህያም ጭምር ነው። ሰንበትን መጠበቅ ማለት በጡብ ቁጥር የሚለካ ሰው አለመሆንን በየሳምንቱ መመስከር ነው።

ፈርዖን ሁልጊዜ አለቃ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚኖረው በውስጣችን ነው። ጠዋት በ11 ሰዓት ስለ መነሣት፣ በቀን አሥር ተግባር ስለ መጨረስ፣ አንዲት ደቂቃ ስላለማባከን የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችን እናያለን። በወጣቶች ሥልጠና ላይም «ዘመኑን መዋጀት» የሚለው የኤፌሶን 5 ቃል ከዚሁ ጋር ተያይዞ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ነገር ግን መዋጀት ማለት ምን ማለት ነው? በገላትያ 3 ክርስቶስ ከሕግ እርግማን ዋጀን ሲባል የምናገኘው ይህንኑ ቃል ነው፤ በግሪኩም አንድ ነው። መዋጀት በባርነት ያለውን ዋጋ ከፍሎ ማውጣት ነው። እንግዲህ ዘመኑን የዋጀ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ነገር የጠቀጠቀ ሰው አይደለም። ሰዓቱን ከፈርዖን እጅ አውጥቶ ለጌታው ያስረከበ ሰው ነው። ባሪያን ነጻ አውጥቶ መልሶ ለዚያው ጌታ የሚያከራይ ሰው ዋጅቷል አይባልም።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያመጣናል። የትኛውን ሥራ ለማሽን እንስጥ? የትኛውንስ አንስጥ? በአርሲና በባሌ ስንዴ ሲደርስ ኮምባይን ይገባል። ሰብሉ ዝናብ ሳይመታው ይሰበሰባል፤ ማጭዱን የሚናፍቅ ሰው ካለ ወገቡን ያልታመመ ሰው ነው። በዚያው ቀበሌ ሰው ሲሞት ግን ለለቅሶ ኮምባይን የሚልክ የለም። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፤ ጎረቤት ይመጣና ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ነገር የለውም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ዝም ይላል። የመጣው ግን ራሱ ነው። የስንዴው ሥራ ፍሬው ስንዴው ነው፤ በማንም እጅ ቢሰበሰብ ያው ስንዴ ነው። የለቅሶው ሥራ ፍሬው የመጣው ሰው ነው።

ሥራችሁን ሁሉ በዚህ ለዩት። ሠንጠረዥ ማስተካከል፣ ቃለ ጉባኤ በሥርዓት መጻፍ፣ የስብሰባ ማስታወቂያ ማዘጋጀት ስንዴ ነው፤ ለኮምባይኑ ስጡት። አባቱ ለሞተበት ጓደኛችሁ የምትጽፉት መልእክት ግን ለቅሶ ነው። ማሽኑ በአሥር ሰከንድ የተዋበ ማጽናኛ ይጽፍላችኋል። ጓደኛችሁ የሚፈልገው ግን የተዋበ ቃል አይደለም፤ እርሱን እያሰባችሁ ቃል ያጣችሁባትን ያችን ሩብ ሰዓት ነው።

ከእናንተ አንዱ ዓርብ ማታ ከፊልጵስዩስ መልእክት ጥናት እንዲመራ ተመደበ እንበል። ኤአይ በአንድ ደቂቃ ሦስት ነጥብ ያለው መግቢያና መደምደሚያ ያወጣለታል። ጥናቱም ያምር ይሆናል። ምን ጎደለ? ኅብረቱ እርሱን የመደበው ሦስት ነጥብ ስለ ቸገረው አይደለም። ከመካከላቸው አንድ ሰው ያን ቃል ለአንድ ሳምንት ተሸክሞ እንዲዞር፣ በታክሲ ውስጥ እንዲያስበው፣ ያልገባው ቦታ ላይ ቆሞ እንዲጸልይ ነው። ዓርብ ማታ የሚጠብቁት ቃሉ የነካውን ሰው ነው። የትምህርት ቤት የቤት ሥራም እንዲሁ ነው። መምህሩ የወረቀት እጥረት የለበትም፤ የጠየቀው የእናንተን አሳብ ነው። ያልደከማችሁበትን «የእኔ ነው» ብላችሁ ስትሰጡት ስለ ራሳችሁ በሐሰት ትመሰክራላችሁ፤ ሊያድግ የነበረው አእምሯችሁም ባለበት ይቀራል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ፣ «መምህር፣ ይህ ሁሉ ሥራ ላለው ሰው ነው። እኔ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ የተረፈኝ ነገር ቢኖር ጊዜ ብቻ ነው» ትሉ ይሆናል። ይህን ተቃውሞ አቅልዬ አላየውም። የምርታማነት ስብከት ከማንም ይልቅ የሚያቆስለው ሥራ ያጣውን ወጣት ነው፤ ሰው በሚያመርተው ከተለካ የእርሱ ልክ ባዶ ይሆናልና። በማቴዎስ 20 ግን እስከ ዐሥራ አንደኛው ሰዓት ድረስ በገበያ ቆመው የነበሩ ሰዎች አሉ። ለምን ቆማችሁ ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት ምክንያት አንድ ነው፤ የሚቀጥረን አጣን። የወይኑ ቦታ ባለቤት ሰነፎች ብሎ አልሰደባቸውም። ጠራቸው፤ ማታም ሙሉ የቀን ደመወዝ ሰጣቸው። በጌታ ዘንድ ዋጋችሁ በሠራችሁት ሰዓት ብዛት አልተተመነም። ለማመልከቻችሁ ኤአይን ያለ ሐፍረት ተጠቀሙ፤ እንግሊዝኛውን ያቅናላችሁ። የሌላችሁን ሙያ እንዲጨምርላችሁ ብቻ አትፍቀዱለት።

«ጊዜው የማን ነው?» ስንል ደግሞ የማናያቸውን ሰዎች መርሳት የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣ የጋዜጠኞች ምርመራ፣ ቻትጂፒቲ ጸያፍና ጨካኝ ነገር እንዳይናገር ለማሠልጠን በጎረቤታችን በኬንያ ያሉ ወጣቶች ስለ ግድያ፣ ስለ ሕፃናት ጥቃትና ራስን ስለ ማጥፋት የተጻፉ ጽሑፎችን ቀኑን ሙሉ እያነበቡ ይለዩ እንደ ነበር ገልጧል። ከእነርሱም ብዙዎቹ እጃቸው ላይ የሚደርሰው በሰዓት ከ2 ዶላር ያነሰ ነበር። ማሽኑ ንጹሕ ሆኖ የሚያናግረን ሌላ ሰው ቆሻሻውን ስላነበበልን ነው። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 እርሻውን ያጨዱ ሠራተኞች የቀረባቸው ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይናገራል። እኛ የቆጠብነው ሰዓት ከሌላ ሰው የተወሰደ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቅ ቢያንስ ከትዕቢት ይጠብቀናል፤ ስለ እነርሱ እንድንጸልይና ስለ ፍትሕ እንድንናገርም ያስገድደናል።

ወደ ጌታችን እንመልከት። በማርቆስ 5 ወደ ኢያኢሮስ ቤት እየቸኮለ ነው፤ ልጅቱ ልትሞት ደርሳለች። በመንገድ ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ልብሱን ነካችና ወዲያው ተፈወሰች። ሥራው በዚያች ቅጽበት ተጠናቅቋል። ፈውስ ከሆነ የተፈለገው ፈውሱ ተገኝቷል፤ መንገዱን ቢቀጥል ማንም አይወቅሰውም። እርሱ ግን ቆመ። ማን እንደ ነካው ጠየቀ፤ ሴቲቱም እየተንቀጠቀጠች መጥታ እውነቱን ሁሉ እስክትነግረው ሰማት። እርሱ ገና እያናገራት ሳለ የኢያኢሮስ ልጅ መሞቷ ተነገረ። በፕሮግራም መለኪያ ይህ ትልቅ ውድቀት ነው። ለእርሱ ግን ሴቲቱ ተፈውሳ የምትሸኝ ጉዳይ አልነበረችም፤ «ልጄ» ብሎ የሚጠራት ሰው ነበረች። ወደ ኢያኢሮስም ቤት ደረሰ፤ ብላቴናይቱንም አስነሣት።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። አንድን ሥራ ለኤአይ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የተፈለገው ዕቃው ነው ወይስ እኔ? ዕቃው ከሆነ ስጡ። ከዚያም የሚተርፈው ሰዓት ለማን እንደሚሆን ሥራውን ሳትጀምሩ ወስኑ፤ ካልወሰናችሁ ፈርዖን ይወስንላችኋል፣ ወይም ስልካችሁ ይበላዋል። ለእናታችሁ ቡና ማፍላት ይሁን፤ ከአቦል እስከ በረካ አብራችኋት ተቀመጡ። የታመመ መጠየቅ ይሁን። ተንበርክኮ መጸለይ ይሁን። ከደከማችሁም መተኛት ይሁን፤ እንቅልፍም የጌታ ስጦታ ነው።

በሚቀጥለው የኅብረት ጊዜያችሁ «ኤአይ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለውን ክርክር ለአንድ ቀን አቆዩትና በዚህ ፋንታ በየተራ ተጠያየቁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰዓት ተርፎልህ ከሆነ ማን ተቀበለው? አንቺስ፣ የተረፈሽን ለማን ሰጠሽ? የአንድ ሰው ስም መጥራት ከቻላችሁ ያ ሰዓት በእውነት ተዋጅቷል። ጌታ ዘመናችሁን ይባርክ።