ሸክላና ዘር

የቆየ የዘፈን ሸክላ መሰብሰብ ፍቅር ነው ወይስ ስስት? ጥያቄውን ያነሣነው ከደመወዛችን እየቆጠብን የምንሰበስብ እኛም ስለ ሆንን ነው።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። አቶ አምኃ እሸቴም በ1969፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለመንግሥት ድርጅት ተሰጥቶ ሳለ፣ ደፍረው ማሳተም ጀመሩ፤ እስከ 1975 ድረስም በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎችን ከመቶ በላይ አወጡ። የደከሙት ዘፈኑ እንዲሰማ እንጂ በሣጥን እንዲዘጋበት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሸክላ በተሰማ ቍጥር መርፌው ይፍቀዋል። ካሰማነው ያልቃል፤ ካላሰማነው ድዳ ነው። አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን የልጅነት ዘፈናቸውን እንድናሰማቸው ቢለምኑን፣ «ይጫራል» ብለን ከለከልናቸው። ሸክላው ዳነ፤ እኛ ግን አፈርን።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ይህን ችግር ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል። ለዘር የለየውን ገብስ በራብ ጊዜ እንኳ ላለመንካት ይታገላል፤ ዝናቡ ሲመጣ ግን ሳይሳሳ ይበትነዋል። በጎተራ የቀረ ዘር የነቀዝ ሲሳይ ነውና።

ሰብሳቢም እንደዚሁ ነው፤ ጠባቂነቱ የሚመሰገነው የሚዘራበትን ቀን ሲያውቅ ነው። ዛሬ ድምፁን በጥንቃቄ ቀድቶ፣ ባለመብቶችን አስፈቅዶ፣ ለሰሚ ማድረስ ይቻላል። ይህን እያወቀ የሚሸሽግ ሰው ሸክላውን ቢያድን እንኳ ዘፈኑን ቀብሮታል። ስለዚህ ፍርዱ ከእኛው ቤት ይጀምር፤ ጎረቤታችንንም ዛሬ ማታ እንጠራቸዋለን።