ያሳደጉትን ስለ መልቀቅ

በምሥራቅ ጎጃም ያለችው ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስሟ የታወቀ ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ጉባኤዎች አንዱ የዚያ ነበር፤ ደብረ ኤልያስ ግን ለራሷ አላስቀረቻቸውም። ደብረ ወርቅና ዲማም ተምረዋል፤ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ዘልቀዋል። ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ የደከመለት ደቀ መዝሙር ሌላ መምህር ፍለጋ ሲነሣ፥ የቅኔው መምህር መርቆ ይሰደዋል። «ተማሪዬን ወሰዱብኝ» ብሎ የከሰሰ መምህር እኛ አልሰማንም።

ይህን ያነሣነው ስለ እግር ኳስ ለመናገር ነው። ነገሩ የተራራቀ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በከፍተኛ ሊግ ወይም ከዚያ በታች የሚጫወት የአንድ ከተማ ቡድን አሠልጣኝ የሚገጥመው ፈተና ከዚሁ የሚዛመድ ነው። በጭቃ ሜዳ ላይ ኳስ ማቆም ያስተማረው ወጣት አንድ ቀን የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ዓይን ይገባል። ቢለቀው ቡድኑ ይደክማል፤ ቡድኑ ደጋግሞ ቢሸነፍ አሠልጣኙ ከሥራው ይሰናበታል። ቢያስቀረው ደግሞ የተጫዋች ጉልበት የጥቂት ዓመታት ነውና የልጁ ዕድሜ አይጠብቅም። እንግዲህ የማን ጥቅም ይቅደም?

ከቅኔ ቤቱ ምሳሌ ወስደን «መርቆ ይስደደው» ብንል በቀለለ ነበር። ዳሩ ግን ምሳሌው እዚህ ላይ አያስኬድም። አንድ ተማሪ ከጉባኤው ቢሄድ የቀሩት ቅኔ አይጎድልም፤ በኳስ ግን አንዱ ሲወጣ የዐሥሩ ሥራ ይናጋል። እነዚያም የሰው ልጆች ናቸው፤ ወደ ላይኛው ሊግ የመውጣት ተስፋ አላቸው። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሣ፥ ያ ተስፋ ከንቱ እንዳልሆነ አይተዋል። ስለዚህ አሠልጣኙ «ውድድሩን ጨርሰህ ሂድ» ቢለው በደል አንለውም።

በደል የምንለው ሌላ ነው። መልማዮች በመጡበት ቀን ልጁን ተጠባባቂ አድርጎ ማስቀመጥ፥ ስለ ጠባዩ ሲጠየቁ ቃልን ማወላወል፥ ይልቁንም «ገና ነህ» እያሉ ችሎታውን ከራሱ ከልጁ መሰወር ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው «ለቡድኑ ብዬ ነው» ይላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ከፊል እውነትነቱ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአሠልጣኙ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከእነዚህ ቡድኖች ብዙዎቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በዓመቱ መጨረሻ «ስንት ነጥብ አመጣህ» ተብሎ ብቻ የሚጠየቅ ሰው፥ ነጥብ የሚያመጣለትን ልጅ ቢሸሽግ ምን ያስደንቃል? «ስንት ልጅ ለላይኛው ሊግ አበቃህ» ብሎ የሚጠይቅ ሹም ቢኖር መልሱም ሌላ በሆነ ነበር። (ይህ መጽሔት በሹማምንት እጅ እንደሚገባ አልዘነጋንም።)

እስከዚያው ድረስ አሠልጣኙ ብቻውን ነው። ልጁን ሸኝቶ በማግሥቱ ወደ ሜዳ ሲመለስ በክፍቱ ቦታ የሚያቆመው ሌላ ወጣት ያስፈልገዋል፤ ያም ወጣት ኳስ ማቆም ገና አልለመደም።