ትክክለኛ ዋጋ ማለት ምን ማለት ነው?



ስርቆትን ሁላችንም እንጸየፋለን። በሐሰት የሚመሰክረውንም ሰው እናወግዛለን። ይሁን እንጂ ገበያ መካከል ቆመን የባልንጀራችንን አለማወቅ መጠቀሚያ ብናደርግ «ጎበዝ ነው፣ ብልጥ ነው» ተብለን እንመሰገናለን እንጂ የሚወቅሰን የለም። ለመሆኑ ለአንድ ዕቃ ትክክለኛ ዋጋ የሚባል ነገር አለን? ካለስ የሚወስነው ማን ነው? ሻጩ ነው? ገዢው ነው? ወይስ ገበያው? ይህን ጥያቄ በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ ለመመርመር እንሞክራለን። ምሳሌያችንም አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው።

«ምነው ሞተር ብስክሌት ተመረጠ?» የሚል ሊኖር ይችላል። አዲስ ዕቃ ዋጋው ተወስኖ ስለሚመጣ ገዢው ሌላ ሱቅ ገብቶ ሊያነጻጽር ይችላል። ስንዴና ጨው በሚዛን ይለካሉ። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ሞተር ብስክሌቶች ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ አይሆኑም። አንዱ በጥንቃቄ ተይዟል፤ ሌላው ወድቆ ተጠግኗል፤ የአንዱ አካል ወደ ሌላው ተዛውሯል። ስለዚህ ዋጋው በወረቀት ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ በሁለት ሰዎች ዕውቀትና ሕሊና መካከል ነው የሚፈለገው።

ሀ. ዋጋው ከምን ይመነጫል?

በእንግሊዝ ሀገር ሜሪደን በተባለ ቦታ የነበረው የትራያምፍ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ለ1959 «ቦንቪል ቲ 120» የተባለውን ሞተር ብስክሌት አወጣ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሲሆን የሞተሩ መጠን 649 ሲሲ ነው። ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ዩታ ግዛት ካለው የቦንቪል የጨው ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በትራያምፍ ሞተር የሚነዳ የፍጥነት ተሽከርካሪ በሰዓት ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጠው በዚሁ ሜዳ ላይ ነበር። የሜሪደን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ተዘጋ። ከዚያ የወጡት ሞተር ብስክሌቶች ቁጥር ከእንግዲህ አይጨምርም፤ የሚፈልጓቸው ሰዎች ግን አሉ።

እንደ መጓጓዣ ብቻ ብናየው ዛሬ የሚሠራ ተራ ሞተር ብስክሌት በፍሬኑም ሆነ በአስተማማኝነቱ ይበልጠዋል። ሰዎች ከዚያ በላይ የሚከፍሉት ለታሪኩ፣ ለድምፁና ለትዝታው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚከፍሉት ለእውነተኛነቱ ነው። ፋብሪካው በሞተሩና በሻንሲው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ሞተሩ ከሌላ የመጣ ነው፤ ዋጋውም በእጅጉ ይወርዳል። «ቲ አር 6» የተባለው ወንድሙ አንድ ካርቡራተር ብቻ ያለው ነው። አንድ ብልጥ ሰው ሁለት ካርቡራተር የሚይዝ የሲሊንደር ራስ ገጥሞለት «ቦንቪል ነው» ሊል ይችላል። ሞተር ብስክሌቱ ይነሣል፣ ይሮጣል፣ ያምራል፤ ነገር ግን ውሸት ነው። ከዚህ የምንረዳው የዋጋው አንዱ ክፍል ብረት ሲሆን ሌላው ክፍል እምነት መሆኑን ነው።

ለ. የሻጩ ግዴታ

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቶማስ አኲናስ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሲያስተምር ግልጽ ጉድለትንና ስውር ጉድለትን ለይቷል። አንድ ዓይን ብቻ ያለው ፈረስ የሚሸጥ ሰው ጉድለቱ ለሁሉም ስለሚታይ ዋጋውን ከቀነሰ ዘንድ ማወጅ አይጠበቅበትም። ስውር ሆኖ ገዢውን ለጉዳት ወይም ለአደጋ የሚያጋልጠውን ግን የመናገር ግዴታ አለበት።

ይህን ወደ ምሳሌያችን እናምጣው። የደበዘዘ ቀለም፣ የተቀደደ ወንበር፣ ከሞተሩ ሥር የሚንጠባጠብ ዘይት፣ እነዚህ አንድ ዓይን እንደሌለው ፈረስ ናቸው። ስውሩ ግን ሌላ ነው። በዚህ ሞተር ክራንክ ሻፍት ውስጥ የዘይት ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ቧንቧ አለ። ለብዙ ዓመታት ሳይጸዳ ከቆየ የዘይቱን መንገድ ዘግቶ ሞተሩን ሊያወድም ይችላል። ሞተሩ ሳይፈታ ዓይን አያየውም። ሞተሩ ተፈትቶ መጸዳቱን ወይም አለመጸዳቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። እንዲሁም ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አስነሥቶ የሚያሞቅ ሻጭ አለ፤ ሲቀዘቅዝ እንደሚያስቸግር እንዳይታወቅበት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአፉ አንድም ውሸት አልተናገረም፤ በሥራው ግን ዋሽቷል።

በተለይ ስለ ፍሬንና ስለ ተሰነጠቀ ሻንሲ ስናወራ ነገሩ ከዋጋም ያልፋል። በሁለት ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚጠብቀው ግድግዳ የለውም። ስንጥቁን በቀለም ሸፍኖ «ዋጋውን ቀንሼለታለሁ» ማለት መልስ አይሆንም፤ ገዢው ሳያውቅ ሕይወቱ ላይ ቅናሽ ሊደረግ አይገባምና።

ዝምታ የሚጎዳው ገዢውን ብቻም አይደለም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ገዢዎች ደኅናውን ያገለገለ መኪና ከብልሹው መለየት ሲያቅታቸው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ እንደሚሰጡ አስረድቷል። በዚህ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ በገበያው የሚቀረው ብልሹው ይሆናል። እንግዲህ አንዱ ሲያታልል ሌላው እውነተኛ ሻጭም አብሮ ይቀጣል ማለት ነው።

ሐ. የገዢው ግዴታ

ብዙ ጊዜ ስለ ሻጭ ተንኮል እንናገራለን፤ ስለ ገዢ ተንኮል ግን እምብዛም አንናገርም። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት በቤቷ ጓሮ አቧራ የለበሰ ሞተር ብስክሌት አለ እንበል። ለእርሷ ቦታ የያዘ ብረት ነው። ዋጋውን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ቁጥሮቹ መግጠማቸውን አየ፤ ልቡም ዘለለ። ነገር ግን ፊቱን አጨፍግጎ «ይህማ ቁርጥራጭ ነው፤ ከቤትሽ ላንሣልሽ ብዬ እንጂ» አላት። ሴትዮዋም አመስግና ሸጠችለት። ማንም አላስገደዳትም፤ በፈቃዷ ነው የሸጠችው። ታዲያ በደል አለን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ አንድ ሰው ወርቁን ናስ መስሎት ሲሸጥ ቢገኝ ደግ ሰው «ወርቅ ነው» ብሎ ይንገረው ወይስ የሺህ ዲናሩን በአንድ ዲናር ይግዛው የሚለውን የፈላስፎች ክርክር አስፍሯል። አኲናስም በበኩሉ አውቆ የገዛው ሰው በግፍ ስለ ገዛ የመመለስ ግዴታ አለበት ሲል ፈርዷል።

እኛም በዚህ ፍርድ እንስማማለን። የሴትዮዋ ፈቃድ «ቁርጥራጭ ለመሸጥ» የተሰጠ ፈቃድ ነው እንጂ የባሏን ውድ ንብረት ለመሸጥ የተሰጠ አይደለም። ሰው ባላወቀው ነገር ሊስማማ አይችልም።

መ. አንድ ተቃውሞ

«ዕውቀትም እኮ ድካም ነው» የሚል ይነሣ ይሆናል። ያ ሰው የሞተሮችን ቁጥር ለመለየት ዓመታት ፈጅቷል፤ እጁ በዘይት ተነክሯል፤ ስንት መጽሐፍ አገላብጧል። ያወቀውን ሁሉ በነጻ የሚናገር ከሆነ ልፋቱ ምን ጠቀመው? ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ዕውቀት ዋጋ እንዲያገኝ ካልተደረገ ያ ሞተር ብስክሌት በጓሮ ዝጎ ይቀር ነበር።

ስለሆነም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ለዕውቀት ደመወዝ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ በሌላው አለማወቅ ላይ ግብር መጣል ሌላ ነገር ነው። ሐኪም በሙያው ይከፈለዋል፤ በሽተኛው የበሽታውን ስም ስለማያውቅ ግን ቤቱን አይወርስበትም። ዐዋቂው ገዢም «ይህ ዋጋ ያለው ነው፤ ለማደስ ይህን ያህል ያስወጣኛል፤ ለድካሜና ለምሸከመው ሥጋት ይህን አስባለሁ፤ ለአንቺ ይህ ይደርስሻል» ሊላት ይችላል። ትርፉ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። የሚጠፋው ተንኮሉ ብቻ ነው።

ሠ. እንግዲህ እንዴት እንመዝን?

መንገዱን በአጭሩ እናስቀምጠው። በመጀመሪያ ያው ዓይነትና ያው ዘመን የሆነ፣ በደኅና ሁኔታ ያለ ሞተር ብስክሌት በቅርቡ በስንት እንደ ተሸጠ መጠየቅ ነው። ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ ምኞት ነው፤ የተከፈለው ግን ማስረጃ ነው። ቀጥሎ ጉድለቱን እያንዳንዱን ቆጥሮ ከነመለዋወጫውና ከነሠራተኛው መቀነስ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ደኅናው 8 ሺህ ፓውንድ ቢያወጣና ማደሻው 3 ሺህ ቢሆን ንግግሩ ከ5 ሺህ አካባቢ ይጀምራል። ሞተሩ ካልተፈታ ለማይታየው ሥጋት ጥቂት ይቀነሳል።

በመጨረሻ ግን ሒሳብ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ይቀራል። እርሱም፦ «እኔ የማውቀውን እርሱ ቢያውቅ፣ እርሱም የሚያውቀውን እኔ ባውቅ በዚህ ዋጋ እንስማማ ነበርን?» የሚለው ነው። መልሱ «አዎን» ከሆነ ዋጋው ከፍም ይበል ዝቅ ትክክለኛ ነው። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ግን ገበያው ቢያጸድቀውም፣ ፊርማ ቢኖርበትም ትክክለኛ አይደለም።

እኅቶችና ወንድሞች፤ አብዛኞቻችን ቦንቪል ባንገዛም አሮጌ ብስክሌት፣ ያገለገለ መጽሐፍ፣ የጎረቤት በግ እንገዛለን፤ እንሸጣለንም። ብልጥነት ለአንድ ቀን ገበያ ይበቃል፤ ብልህነት ግን የሸጥንለትን ሰው በሚቀጥለው ቀን መንገድ ላይ ስናገኘው ፊታችንን ሳናዞር ሰላም እንድንለው ያስችለናል። ስለዚህ ዋጋ ስንቆርጥ ይህን እናስብ።